«ሻፍት በአፍሪካ»ን እንደገና ሳየው

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ከብዙ ዓመታት በፊት አውሮራ ውስጥ፣ በአንድ ወዳጄ ቤት፣ ከቡና በኋላ ነበር። ክፍሉን ከሞላነው ሰዎች መካከል ታሪኩን የተከተለ የነበረ አይመስለኝም። አንዱ «አቁሙት፤ ወደ ኋላ መልሱት» ይላል፤ ሌላው በስተጀርባ የሚታየውን ኮረብታ አውቀዋለሁ ብሎ ይሟገታል፤ አንዲት እናት ደግሞ በጥግ የሚያልፉትን መንገደኞች እያዩ ዕንባቸውን ይጠርጋሉ። በአብዮቱ ዋዜማ በኢትዮጵያ ምድር የተቀረጸ፣ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ለእይታ የበቃ የሆሊውድ ፊልም ለስደተኛ ዓይን ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሲያልቅ ግን «አገራችንን አየን እንጂ ፊልሙስ ከንቱ ነው» ብለን ተነሣን። ይህን ፍርድ ለረጅም ጊዜ ይዤው ኖርኩ።

ለነገሩ ብቻችንን አልነበርንም። ፊልሙ በገበያ አልቀናውም፤ ጆን ሻፍትም በዚያው ዓመት ከሲኒማ ወደ ቴሌቪዥን ወርዶ፣ ወደ ትልቁ መጋረጃ የተመለሰው በ2000 ነው። ከአምስቱ የሻፍት ፊልሞች መካከል ሦስተኛው «መንገዱን የሳተው» ተብሎ ይነቀፋል። ነቀፌታው መሠረት አለው። ጎርደን ፓርክስ በ1971 ያቀረበልን ሻፍት የሃርለምን እያንዳንዱን ማዕዘን የሚያውቅ የግል መርማሪ ነበር። በሦስተኛው ፊልም ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚንና ጸሐፊው ስተርሊንግ ሲሊፋንት ከሰፈሩ ነቅለው ሰላይ አደረጉት፦ ሐሰተኛ ማንነት፣ ካሜራ የተሸሸገበት በትር፣ በየመንገዱ የሚያደቡ ገዳዮች። ሻፍት ራሱ «ጀምስ ቦንድ አይደለሁም» እያለ ይቀልዳል፤ ቀልዱ ግን አያድነውም። የሚያስገርመው በዚያው ዓመት ቦንድም በተራው «ኑር፣ ሌላው ይሙት» በሚለው ፊልሙ ወደ ሃርለም መግባቱ ነው። ሁለቱ ልብስ የተለዋወጡ ይመስል ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኢሚር ራሚላ የተባሉ ባላባት ሻፍትን በዛቻም በገንዘብም አግባብተው ወደ አፍሪካ ይልኩታል። ሥራው ተራ የቀን ሠራተኛ መስሎ፣ ወጣቶችን በሥራ ተስፋ አታልሎ ወደ አውሮፓ የሚያሻግር ቡድን ውስጥ ሰርጎ መግባት ነው። የመንገዱ መጨረሻ ፓሪስ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ የሚያድርበት ክፍል።

በቅርቡ፣ በበረዶው ወራት፣ እዚህ እንግልውድ በሚገኘው አፓርታማዬ ፊልሙን እንደገና ያየሁት ከአንድ ወጣት ጎረቤቴ ጋር ነው። ልጁ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ የመጣ ነው። እኔ ኮረብታውን እያሳየሁት ሳለሁ እሱ ዝም ብሎ ይመለከት ነበር። የፓሪሱ ክፍል ሲመጣ ግን «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይመልሷት» አለኝ። መለስኳት። እንደገና «ይመልሷት» አለ። ከዚያም በጣቱ ሰዎቹን ቆጠረ። የእነሱ ክፍል ከዚህ የባሰ ጠባብ እንደነበር፣ መስኮትም እንዳልነበረው ነገረኝ። እኔ ለሁለት ሰዓት ያህል የአገሬን ኮረብታ ስፈልግ፣ ልጁ የራሱን ታሪክ አግኝቶ ነበር።

ስለዚህ የነቀፌታዬን ቦታ መለወጥ ግድ ሆነብኝ። ተቺዎች ሻፍትን ከሃርለም ማውጣታቸውን እንደ ጥፋት ይቆጥራሉ፤ እኔ ግን የፊልሙን እውነት የማገኘው እዚያ ነው። ነገሩ ልብ ወለድ ብቻ አልነበረም። ጃንዋሪ 1970 መግቢያ ላይ ከፓሪስ ዳር በምትገኘው ኦበርቪሊዬ አምስት አፍሪካውያን ሠራተኞች በመጠለያቸው ውስጥ ለሙቀት ያነደዱት እሳት ጭስ አፍኗቸው ሞተዋል። ሲሊፋንት ይህን ይወቅ አይወቅ፣ ለባሪያ ንግድ ዘመናዊ ስም የሰጠው ከብዙዎች ቀድሞ ነው። በ2013 ከሳዑዲ ዐረቢያ በገፍ የተባረሩትን፣ በ2015 በሊቢያ የታረዱትን ወገኖቻችንን ያየ ሰው ፊልሙ አጋንኗል ለማለት ድፍረቱን ከየት ያመጣል?

ጉድለቱ ሌላ ዘንድ ነው። ዓለሜ የተባለችውን የኢሚሩን ልጅ የምትጫወተው የሳን ፍራንሲስኮዋ ቮኔታ ማክጊ ናት፤ ኢሚሩ የጉያናው ተወላጅ ሳይ ግራንት ነው። «ኮሎኔል ጎንደር» የሚባል ሰውም አለ። (አውሮራ ያየን ጊዜ በዚህ ስም ያልሳቀ አልነበረም።) የሴት ልጅ ግርዛትን የሚያህል ነገር በማሽኮርመም መካከል ተነሥቶ ይጣላል። ይህ ሁሉ ይታለፍ። የማላልፈው ግን፣ ፊልሙ ደላላውን እያሳደደ ወጣቶቹ ለምን ከቤታቸው እንደወጡ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠየቁን ነው። ባላባቱ የሕዝባቸው ጠበቃ ናቸው፤ ክፉው ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው። ያ ዘመን ወሎ በረሃብ የሚያልቅበት ዘመን ነበር፤ ጆናታን ዲምብልቢ ያን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ይህ ፊልም በወጣበት ዓመት፣ በኦክቶበር ነው። ከፊልሙ ባላባት ግቢ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን አገሩ ሰላም ነው። ሚስጥሩን ሁሉ የሚፈታው መርማሪ ይህን ሳይነካው ያልፋል። ስደተኞቹም ለካሜራው ፊት ብቻ ናቸው፤ ስም የላቸውም፣ አይናገሩም።

ከዚህ ላይ ደበበ እሸቱን ማንሳት ይገባል። ዋሳ የተባለውን ሰው ሲጫወት ድርሻው ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ከመድረክ ያመጣውን እርጋታ ይዞ ሲቆም፣ ሪቻርድ ራውንድትሪ ያህል ባለ ግርማ ተዋናይ አጠገቡ እያለ እንኳ ዓይን ወደ እሱ ይሄዳል። እኔ ደበበን ለዓመታት ሳስበው የሚመጣብኝ ከምርጫ 97 በኋላ ታስሮ እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) በወህኒ የቆየው ደበበ ነበር። ጎረቤቴ ግን ስሙን አያውቀውም፤ «ይሄ የኛ ሰው ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። በመላው ፊልም ውስጥ እንዲህ ያለው ስለ እሱ ብቻ ነው።

ዲስኩን ወስዶታል። ለጓደኞቹ ሊያሳያቸው ነው አለኝ፤ እስካሁን አልመለሰውም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።