የተደበቀው ብልሽት

በማዕድን ማውጫ ነፍስ አድን ሠራተኞች ውድድር ተመልካች የሚያዘነብለው ጭስ ወዳለበት ነው። እሳት ሲጠፋ፣ ቁስለኛ በቃሬዛ ሲወጣ፣ ገመድ ሲወጠር ማየት ያጓጓል፤ አልፈርድም። የእኔ ልብ ግን የሚቀረው አንዲት ጠረጴዛ ዘንድ ነው። እዚያ አንድ ቴክኒሻን ብቻውን ቆሞ፣ ሌላ ሰው አውቆ ያበላሸውን የመተንፈሻ መሣሪያ ይመረምራል። ብልሽቱ የት እንዳለ የሚነግረው የለም።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት የጀርመኑ ድሬገር ኩባንያ ሥራ የሆነው ቢጂ 4 ነው። በጀርባ ይታዘላል፤ ተሟልቶ ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ለ4 ሰዓት ያህል ያስተነፍሳል። የከተማ እሳት አደጋ ሠራተኛ የተነፈሰው አየር ወደ ውጭ ይወጣና ይቀራል። በዚህኛው ግን ከሞላ ጎደል ምንም አይጣልም። ከአፍ የወጣው ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚመጥ ኬሚካል ውስጥ ያልፋል፣ ከ2 ሊትር ሲሊንደር ጥቂት ኦክስጅን ይታከልበታል፣ በበረዶ ቀዝቅዞ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ትንሿን ሲሊንደር 4 ሰዓት የሚያቆያት ይኸው ቁጠባ ነው። አንዲት ኦሪንግ፣ ማለትም ክብ የጎማ ማሸጊያ፣ ከጎደለች የሰዓቱ ሂሳብ ይፈርሳል። ቫልቭ ተገልብጦ ከተገጠመ ደግሞ ሰውየው የራሱን የተቃጠለ አየር መልሶ ይምጋል።

አሜሪካኖች ይህን የተደበቀ ብልሽት «ተባይ» ይሉታል። ስሙ ሳይሆን አፈላለጉ ነው የሚገርመኝ፤ ልክ እናቶች ከልብስ ቅማል እንደሚለቅሙት፣ ስፌት ለስፌት ነው። ጎበዝ ቴክኒሻን ከዓይኑ ይልቅ ጣቱን ያምናል። የኦሪንጓን ዙሪያ በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብትኖር ጣቱ ይቆማል። ስሷን ቫልቭ ወደ ብርሃን አንስቶ ጠርዟን ያያል። ቱቦውን ጎንበስ ቀና እያደረገ በእጥፋቱ ውስጥ የተሸሸገ ቀዳዳ ይፈልጋል። እጁ ንጹሕ ነው፤ ዘይት የነካ ጣት ከፍተኛ ግፊት ወዳለው ኦክስጅን አይቀርብም፤ ሁለቱ ከተገናኙ እሳት ሊነሣ ይችላል።

ከሁሉ የምወደው ግን ምንም የማይሠራበትን 1 ደቂቃ ነው። መሣሪያውን ገጣጥሞ አየር ይሞላበትና ይዘጋዋል፤ ከዚያ የግፊት መለኪያውን ያያል። በ1 ደቂቃ ውስጥ ከ1 ሚሊባር በላይ ከወረደ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ሰዓት እየተያዘበት፣ ዳኛ አጠገቡ ቆሞ፣ እጁን ከቱቦው ላይ ያነሣል፤ የመዳፍ ሙቀት እንኳ ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። ጀማሪ በዚች ደቂቃ ይቁነጠነጣል፤ የሆነ ነገር ካልነካካ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። የበሰለው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

የነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ ከመጀመሪያውም ድንበር መሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1906 በሰሜን ፈረንሳይ ኩሪዬር 1,099 ሰዎች በማዕድን ማውጫ ፍንዳታ ሲያልቁ፣ ፈረንሳይና ጀርመን ከ1870ው ጦርነት ወዲህ ዓይንና ናጫ ሆነው ሳለ፣ ከዌስትፋሊያ የመጡ ጀርመናውያን መተንፈሻቸውን ይዘው ለእርዳታ ደረሱ። በየካቲት 1928 ደግሞ በካናዳ ኦንታሪዮ የሆሊንጀር ወርቅ ማውጫ ተቃጥሎ 39 ሰዎች ሞቱ። ክፍለ ሀገሩ የራሱ መተንፈሻም ሆነ የሠለጠነ ቡድን ስላልነበረው፣ ሰውም ዕቃም ከአሜሪካ፣ ከፒትስበርግ፣ በባቡር መጣለት። በዓመቱ ኦንታሪዮ የራሷን የማዕድን ነፍስ አድን ድርጅት አቋቋመች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በከተማዋ በሰድበሪ ዓለም አቀፉን ውድድር አስተናገደች። በ1928 ያ ባቡር ሲራገፍ እያንዳንዱን ቫልቭ በጣቱ የዳሰሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በታሪክ የሚጻፈው ጉድጓድ የገባው ሰው እንጂ ጠረጴዛው ዘንድ የቀረው አይደለም።

ቴክኒሻናችን ያገኘውን ብልሽት አንድ በአንድ በወረቀት አስፍሮ ጨርሷል። ክዳኑን ይገጥማል፤ መቆለፊያዎቹን ይዘጋል፤ ከዚያ አንዱን እንደገና ከፍቶ ይዘጋዋል፤ ድምፁ አላማረውም መሰለኝ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ዳኛው ሰዓቱን ያቆማል።