ውኃው ምን አለ?

በንባብ ምሽቶቻችን ከሚቀርቡት ግጥሞች ወንዝ የሌለበት ጥቂት ነው። ወንዙ ግን ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ይንፎለፎላል። ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የወናጎ ልጅ ነኝና ይኸ ነገር ይከነክነኛል። መንፎልፎል የምንጭ ነው፤ ከታች እየገፋ የሚወጣ ውኃ ይንፎለፎላል። ቁልቁል የሚወርድ ወንዝ ከየት አምጥቶ?

አማርኛ በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። ከጀበና ወደ ስኒ ቀጥኖ የሚወርድ ቡና ይንቆረቆራል፤ ወጥ ይንተከተካል፤ ገንፎ ይንዶቀዶቃል (ሞተር ብስክሌትን «ዶቅዶቄ» ያለው ሰው ጆሮው እንዴት የሠላ ነበር!)፤ ዶፍ ዝናብ ይንዠቀዠቃል። ልብ በሉ፦ ተከ-ተከ፣ ቆረ-ቆረ፣ ዠቀ-ዠቀ። ድግግሞሹ ራሱ ድምፁ አለመቋረጡን ይነግረናል። ከጉሮሮ የሚወጣውም የየራሱ ቃል አለው፤ ያዘነ ያንጎራጉራል፣ የከፋው ያጉረመርማል፣ የተኛ ያንኮራፋል። አንዴ ብቻ ለሚሰማው ደግሞ ሌላ መላ አለን፦ ጠብ አለ፣ ቱግ አለ፣ ፉት አለ።

ይኸ «አለ» የአማርኛ የብቻ ንብረት አይደለም። ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያን ሴማውያንና ኩሻውያን ቋንቋዎች ከሚያመሳስሉ ባሕርያት አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። እኔ አፌን የፈታሁበት ጌዴኦኛ ኩሻዊ ነው። ትምህርት ቤት የአማርኛ ሰዋስው ሲያንገላታኝ እነዚህ ቃላት ግን እንግዳ አልሆኑብኝም። ስለዚህ ሲነኩብኝ ያመኛል።

ነክተውብኛልም። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስትሠራ ውላ የገባች እናት ጀበና ጥዳ ልጇን ስትጠብቅ የሚያሳይ አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ለአንድ ወዳጄ ሰጠሁት። «የወጥ ቤት ቃል ነው» ብሎ «ቱግ አለ» የሚለውን ሰርዞ «ፈላ» አለበት። እስቲ አስቡት፤ ጀበና ሲፈላ ሴትዮዋ ወሬዋን ትቀጥላለች፤ ቱግ ሲል ግን ብድግ ብላ ታነሣዋለች። በታሪኬ ውስጥ ብድግ ማለት ነበረባት፤ ልጇን በበሩ በኩል የምታየው ያኔ ነዋ! በ«ፈላ» ተቀምጣ ቀረች።

ወዳጄ ፈጽሞ ተሳስቷል ግን አልልም። መፈልፈያው፣ ቦዩ፣ በሳቅ የሚንከተከቱት ሴቶች፣ ሁሉም ባንድ ገጽ ሲንጫጩ ደራሲው ከበሮ የያዘ ይመስላል፤ ማን ምን እንዳለ አይሰማም። አራቱን ራሴ ሰረዝኳቸው። ቱግን ግን መልሼ አስገባኋት።