ባቡር የወለዳት ከተማ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረርን ሊነካ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን የመውጣቱ ወጪ ግን የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሜዳው ላይ ደረሰ፤ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማም ተቆረቆረች።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የባቡሩን ወርክሾፕ ነው። ለተሰበረ ዕቃ ሁሉ ከባሕር ማዶ መለዋወጫ እየተጠበቀ ባቡር አይሄድም። ሠራተኛው ብረት አቅልጦ በቅርጽ ያፈስስ፣ በቶርኖ ያስተካክል፣ ይበይድ ነበር፤ ለማጅ ሆኖ የገባው ወጣት ከአንጋፋው እጅ እያየ ባለሙያ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ዕውቀት በደመወዝ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ከደመወዙ ግን የሚያንስ አይመስለኝም።

ደመወዝ ያልተቆረጠለትም ከባቡሩ ይበላ ነበር። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፦ ፉርጎዎቹ በቆሙበት ሁሉ ምግብና ፍራፍሬ የያዙ ሻጮች ወደ መስኮቱ ይሮጡ ነበር። ቋንቋውም ድርሻውን ወስዷል፤ ለገሃር የምንለው የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያ ማለት። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ቃሉ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የድሬዳዋ ጣቢያው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ተሠራ። የአሮጌው ጣቢያ ሕንፃ ግን ዛሬም ከዚራ በተባለው ሰፈር ውስጥ ቆሟል፤ ቀጥ ያሉት፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈኑት ጎዳናዎች ከዚያው ይነሣሉ።