«ሞተሩ ተቃጥሏል»

በእኛ ሙያ መጀመሪያ የሚታማው ሞተር ነው። ሲኤንሲ ፍሬዛው ሥራ ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ስክሪኑ ላይ አላርም ሲወጣ ኦፕሬተሩ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይላል። ፎርማኑ ያንኑ ይዞ ለሥራ አስኪያጁ ያደርሳል። እኔ ዕቃዬን ይዤ እስክደርስ የአዲስ ሞተር ዋጋ እየተጠየቀ፣ የውጭ ምንዛሪው ከየት እንደሚገኝ እየተመከረ ነው። አሮጌ ማሽን ስጠግን በኖርኩበት ዘመን ብዙ ሞተር ሲወነጀል አይቻለሁ፤ በእርግጥ ተቃጥለው ያገኘኋቸው ግን ጥቂት ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ነገር ነው።

ነገሩ ሁሉ በሞተር የሚላከከው ከማሽኑ አሠራር የተነሳ ነው። ኮንትሮሉ ዐይን የለውም። ጠረጴዛው ዘይት አጥቶ ቢደርቅ፣ የቦል ስክሪው ኩሽኔታ ቢፈጭ፣ የብረት ፍቅፋቂ መንሸራተቻው ሥር ቢገባ፣ እሱ በዋናነት የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ ሞተሩ የሳበውን ጅረትና ከሞተሩ ጀርባ የታሰረው ኢንኮደር የቆጠረውን። ያዘዘውና ኢንኮደሩ የቆጠረለት ካልተመጣጠነ፣ ወይም ጅረቱ ከልክ ካለፈ፣ ሥራውን አቁሞ አላርም ያወጣል። ጥፋቱ የትም ይሁን ክሱ የሚጻፈው በሞተሩ ስም ነው።

እጄ ላይ የሚበዙት ፋኑክ ዜሮ ኤም የሚባለው ኮንትሮል ያለባቸው፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻና 1990ዎቹ የተሠሩ ፍሬዛዎች ናቸው። ለሚያነባቸው ሰው ቸር ናቸው። 400 ካሉ ሞተሩ ወይም ድራይቩ ከመጠን በላይ ሞቋል። 411፣ 421 ወይም 431 ከሆነ ኤክስ፣ ዋይ ወይም ዜድ እየሄደ ሳለ ከታዘዘበት ቦታ ከሚፈቀደው በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል። 414፣ 424 ወይም 434 ሲወጣ ደግሞ የዲያግኖሲስ ገጹን ከፍቶ 720፣ 721 ወይም 722 ቁጥርን ማየት ነው። ስምንት ዜሮዎች ከተደረደሩበት አንዷ ወደ 1 ተለውጣ ትገኛለች፤ የመጣው የቮልቴጅ ማነስ ይሁን፣ የጅረት መብዛት ይሁን፣ የኢንኮደር መስመር መቋረጥ ይሁን የምትናገረው እሷ ናት። ችግሩ ሰው ይህን ሳያይ ማሽኑን አጥፍቶ ያበራዋል። እኔ ስደርስ ስምንቱም ዜሮ ናቸው፤ ምስክር ጠፍቷል። ስለዚህ በስልክ ሲጠሩኝ መጀመሪያ የምለው «ምንም አትንኩ፣ ስክሪኑን ፎቶ አንሱልኝ» ነው። ከአምስት ሰው አራቱ አጥፍቶ ካበራ በኋላ ነው የሚደውለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ሻጋታ የሚሠራ ቤት የነበረ ማሽን ጠዋት ጠዋት ደህና ይሠራና ከምሳ በኋላ 400 እያለ ይቆም ነበር። የዋይ ሞተር እጅ አያስነካም፣ ይፋጃል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ሞተሩ ነው እንጂ፤ ስክሪኑ ራሱ ጽፎታል እኮ» አለኝ። ሞተሩ መሞቁማ እውነት ነው፤ ጥያቄው ማን አሞቀው ነው። ይህን ለመለየት የማውቀው አጭሩ መንገድ ሁለቱን ማለያየት ነው፤ ሞተሩን ከቦል ስክሪው ጋር የያዘውን ካፕሊንግ አላልቶ ሞተሩን ብቻውን ማስኬድ፣ ቀጥሎ ኃይሉን አጥፍቶ ስክሪውን በእጅ ማዞር። ሞተሩ ብቻውን ሲሆን ድምፁ ሳይሰማ ዞረ። ስክሪው ግን በረጅም ቁልፍ ካልሆነ አልንቀሳቀስ አለ።

ሽፋኑን ስናነሳ መንሸራተቻው ደርቋል፤ እርጥበት ያለው በአንዱ ጫፍ ብቻ ነው። የዘይት ታንኩ ሙሉ ነው፣ ፓምፑም ይሠራል፣ ኦፕሬተሩም «ዘይቱን በየሳምንቱ አያለሁ» ሲል አልዋሸም። ከፓምፑ ወደየመንሸራተቻው በሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ጫፍ ግን የዘይቱን መጠን የሚመጥኑ ትንንሽ ቫልቮች አሉ፤ ወደ ዋይ የሚያደርሱት በዝቃጭ ተደፍነዋል። ታንኩ ሁልጊዜ ሙሉ የሆነው ዘይቱ ስለማይወጣ ነበር። እኔ እንዲያውም የማይጎድል ታንክ ሳይ ከሚጎድለው ይልቅ እጠራጠራለሁ። ቫልቮቹ ተቀየሩ፣ ቱቦዎቹ ታጠቡ፣ ሞተሩ ሳይነካ ቀረ። ጠዋት ደህና የነበረውም ሞተሩ ገና ስላልሞቀ ብቻ ነው፤ ድካሙ ከማለዳው ጀምሮ ነበረ።

ሽፋን ሳያነሱም ይህን ማየት ይቻላል። ዲያግኖሲስ 800፣ 801 እና 802 እያንዳንዱ አክሲስ ከታዘዘበት ቦታ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ በማይክሮን ያሳያሉ። ጤናማ ማሽንም ይቀራል፤ የሰርቮ ጠባዩ ነው። የኮንትሮሉ ጌን በተለመደው 30 ላይ ተሞልቶ ጠረጴዛው በደቂቃ 1,800 ሚሊሜትር ቢሄድ፣ ያ በሰከንድ 30 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ አንድ ሚሊሜትር ይቀራል፣ ቁጥሩም 1,000 አካባቢ ይቆማል። ሲመለስ ያው 1,000 ከነመቀነስ ምልክቱ መምጣት አለበት። ቁጥሩ እየዘለለ ከሄደ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ካበጠ፣ መንገዱ ላይ የሚይዝ ነገር አለ። ወጣት ቴክኒሻኖች ቴስተራቸውን ይዘው ድራይቭ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ይህን ገጽ ከፍተው ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ሞተር ሞቀ ሲባል ሰው የማያነሳው ሌላ ነገር ከፍታ ነው። በሞተሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አቅም በተለመደው መለኪያ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ከሞተርም ከድራይቭም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ቅዝቃዜያችን ከፊሉን ይክሰዋል እንጂ ሁሉን አይደለም። ስለዚህ የካቢኔቱ ፋን መቆሙ ዝቅ ያለ አገር ላይ ሊያልፉት የሚችሉት ጉዳይ ይሆን ይሆናል፣ እኛ ጋ ግን አይታለፍም። የካቢኔቱን በር ከፍቶ የቤት ፋን ፊቱ ማቆም መፍትሔ የሚመስለው ሰው አለ፤ የብረት ብናኝና የኩላንት ጭጋግ ቦርዱ ላይ እየጋበዘ ነው።

የኃይሉ ነገርም አለ። የጃፓን ማሽን የሚፈልገው 200 ቮልት ገደማ ሦስት ፋዝ ነው፤ እኛ 380 ነው የምንሰጠው፤ ስለዚህ ከጀርባው ትራንስፎርመር አለ፤ ለተለያየ ቮልቴጅ የሚሆኑ ተርሚናሎችም አሉት። ማሽኑን ያስገባው ሰው ለሰፈሩ በማይሆነው ተርሚናል ላይ አስሮት ከሄደ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ብየዳ ሲጀምር ቮልቴጁ ይወርድና አክሲሱ ፈጥኖ ሲነሳ ማሽኑ ይቆማል። ይህም «ሞተሩ ደከመ» ይባላል።

ጠረጴዛው አንድ ቦታ ሲደርስ ብቻ የሚመጣ የኢንኮደር አላርም ከሆነ ኬብል ነው። ኬብሉ በሰንሰለቱ ውስጥ ለዓመታት ሲታጠፍ ሲዘረጋ ላስቲኩ ሳይቆረጥ ውስጡ ያለው የመዳብ ክር ይበጠሳል፤ ቆሞ በቴስተር ሲለካ ደህና ነው። ሌላ ሰው ጠረጴዛውን በዝግታ እያመላለሰ እኔ ሰንሰለቱን በእንጨት ስጫን ይያዛል። በእንጨት ያልኩት በምክንያት ነው፤ የሚንቀሳቀስ ማሽን ውስጥ እጅ አይገባም። ጥንቃቄ ካነሳን ዜድን በተለይ ልጥቀስ፤ ቁመቱን የሚሄደው አክሲስ የሚያዘው በሞተሩ ውስጥ ባለ ፍሬን ነው። ከሥሩ ወፍራም ግንድ ሳይደገፍለት የዜድን ሞተር የፈታ ሰው ስፒንድሉን ጠረጴዛው ላይ ይጥለዋል።

ሞተሩ በእርግጥ የሚበላሽበት ጊዜም አለ፤ ገዳዩ ብዙውን ጊዜ በሶኬቱ በኩል ሰርጎ የገባ ኩላንት ነው። ምልክቱ ማሽኑ ገና ሲበራ ወይም እንደተነሳ የጅረት መብዛት አላርም ማውጣቱ ነው። ያኔ ሞተሩን ከድራይቩ ነጥሎ በሜገር መለካት ነው። ሳይነጥሉ ሜገር ማድረግ 500 ቮልቱን ድራይቩ ላይ መልቀቅ ነው፤ የኢንኮደሩን ሽቦ ደግሞ ሜገር ጨርሶ አይነካውም። በሦስቱ ፋዝና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ከአንድ ሜጋኦም በታች ከወረደ ወደ መፍታት እሄዳለሁ። ርጥበት ብቻ ከሆነ በዝግታ ማድረቅ የሚመልሰው አለ። ካልሆነ መጠቅለል ነው፤ እዚህ ላይ ሥጋት አለኝ። የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር አሳምረው የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች አሉን፤ እጃቸውን አደንቃለሁ። የኤሲ ሰርቮ ሞተር ግን ሮተሩ ቋሚ ማግኔት ነው፤ ኢንኮደሩም ከማግኔቱ ዋልታዎች ጋር ልክ ገጥሞ መታሰር አለበት። ምልክት ሳይደረግበት ተፈትቶ እንደመጣለት ከታሰረ፣ ሽቦው ምንም ያህል በጥሩ ቢጠቀለል፣ ሞተሩ ሲበራ ይንቀጠቀጣል ወይም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይፈተለካል። ሞተር ለጥቅልል ስልክ ኢንኮደሩን ራሴ ምልክት አድርጌ እፈታለሁ፤ ሞተሩን ያለ ኢንኮደር ነው የማስረክበው።

ሞተር በሐሰት ሲወነጀል ከሁሉ የሚያናድደኝ የሚከተለው ነው። አዲስ ሞተር ይታዘዛል፤ እስኪመጣ ማሽኑ ይጠፋና ሸራ ለብሶ ይቀመጣል። የእነዚህ ኮንትሮሎች ፓራሜትር፣ የትኛው አክሲስ ላይ ምን ዓይነት ሞተር እንዳለ ጭምር፣ ማሽኑ ሲጠፋ በሜሞሪ የሚቆየው በባትሪ ነው፤ በፋኑክ ዜሮ ኤም ላይ ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች ናቸው፣ ማንኛውም ሱቅ አለ። የሚቀየሩትም ማሽኑ በርቶ ሳለ ነው። ሸራ የለበሰ ማሽን ባትሪ ማን ያስታውሳል? ወራት ቆይቶ ሞተሩ ሲመጣና ማሽኑ ሲበራ ስክሪኑ አክሲሶቹን አያውቃቸውም። ፓራሜትሩ በወረቀት ታትሞ ካቢኔቱ በር ውስጥ ከነበረ ቁጥር በቁጥር መመለስ ይቻላል፣ የአንድ ቀን ልፋት ነው። ካልነበረ፣ ጥቂት ቫልቭና ጥቂት ሊትር ዘይት ይበቃው የነበረ ፍሬዛ ሁለት ሞተር፣ አሮጌውንና አዲሱን፣ ሁለቱንም ደህና አድርጎ ይዞ ይቆማል።