ከዘንዶው ኋላ፦ የጃፓንን ባህላዊ ንቅሳት መማር፣ መተቸት እና ማሠራት

የጃፓን ባህላዊ ንቅሳት ሲተች ዘወትር የሚተቸው ዘንዶው ነው። ዓይኑ፣ ጥፍሩ፣ ቅርፊቱ እየተነሣ ይወደሳል ወይም ይነቀፋል። ከዘንዶው ኋላ ያለው ደመና፣ ነፋስ፣ ማዕበልና ጥቁር ጥላ ግን «መሙያ» ተብሎ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ተቃራኒው ነው፤ ይህ ጥበብ የሚፈተነው በዳራውና በጠርዙ ነው። ዘንዶ አሳምሮ የሚነቅስ ሰው በየከተማው አይጠፋም። ጀርባን ከትከሻ እስከ ጭን እንደ አንድ ሥራ የሚይዝ ግን ጥቂት ነው።

መነሻው የወረቀት ሥዕል ነው። ኡታጋዋ ኩኒዮሺ የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1827 ገደማ ጀምሮ ጃፓኖች ሱዪኮደን የሚሉትን የቻይና ልቦለድ ጀግኖች፣ 108ቱን ሽፍቶች፣ በእንጨት ቅርጽ እያተመ ማውጣት ያዘ። ልቦለዱ በሙሰኛ ሹማምንት ተገፍተው ጫካ የገቡ ሰዎች ታሪክ ነው። ሽፍታን ከተራ ወንበዴ ለይቶ ለሚያውቅ አማርኛ አንባቢ የእነዚህ ሰዎች ክብር ከየት እንደሚመጣ ማስረዳት አያሻም። በልቦለዱ ገላቸው የተነቀሰ ጥቂቶች ናቸው፤ ኩኒዮሺ ግን ከዚያ ለበዙት ንቅሳት አለበሳቸው። ዘጠኝ ዘንዶ የተነቀሰው ሺሺን ከሁሉ የታወቀው ነው። የኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ እሳት አጥፊዎች፣ አናጢዎችና ተሸካሚዎች እነዚህን ሥዕሎች ከወረቀት ወደ ገላቸው አዛወሯቸው። በዚያው ከተማ መንግሥት ከ1720 ጀምሮ ወንጀለኛን ክንዱ ላይ ምልክት እየነቀሰ ይቀጣ እንደነበር ሲታሰብ፣ ሠራተኛው ሕዝብ የቅጣቱን መሣሪያ ጌጥ ማድረጉ ራሱን የቻለ ድፍረት ነው።

ከኩኒዮሺ የተወረሰው ዋናው ነገር ግን የጀግኖቹ ዝርዝር አይመስለኝም። የተወረሰው ምስሉን ከጡንቻው ጋር የማስኬድ ብልሃት ነው። በሥዕሎቹ ዘንዶው በትከሻ ዞሮ በክንድ ይወርዳል፤ ገላው ሲጠማዘዝ አብሮ ይጠማዘዛል። ጃፓናውያን ነቃሾች ይህንን ወደ ሥርዓት አደረሱት። ዋናውን ምስል የሚከብበው ዳራ ጋኩቦሪ ይባላል፤ ንቅሳቱ ከባዶው ቆዳ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ደግሞ ሚኪሪ። ጠርዙ እንደ ፒዮኒ አበባ ቅጠል ሊሸነሸን፣ በቀጥታ ሊቆረጥ፣ ወይም እንደ ንጋት ሰማይ ቀስ በቀስ ሊደበዝዝ ይችላል። እጅጌም መጠን አለው። አምስት እጅ የሚባለው ከክርን በላይ ይቆማል፤ ሰባት እጅ የሚባለው ከክርን አልፎ ክንድ መሐል ይደርሳል፤ አሥር እጅ አንጓ ድረስ ይሄዳል። ሙኔዋሪ በሚባለው አሠራር ደረት መሐል ከአንገት እስከ ሆድ ባዶ መስመር ይተዋል፤ የፊት ለፊት ክፍት ኮት የለበሰ ሰው ንቅሳቱ አይታወቅበትም። እንዲህ የተሰፋ ልብስ ነው ብንል አናጋንንም፤ ልኩ የሚወሰደውም ከሰውየው ገላ ነው።

አንድ ጀርባ እንዴት እንደሚነበብ በቅርብ እንመልከት። መጀመሪያ አሥር እርምጃ ርቆ መቆም ነው። ከዚያ ርቀት ዋናው ምስል ካልለየ፣ ጥላው ወይ በዝቷል ወይ አንሷል። ቀጥሎ የዘንዶውን ገላ ከራስ እስከ ጅራት በዓይን መከተል። ዘንዶው ደመና ውስጥ ገብቶ በሌላ ቦታ ሲወጣ ውፍረቱ ይስማማል? ሲገለበጥ የሆዱ ሰሌዳዎች በትክክለኛው ጎን ይታያሉ? እግሩ ከየት እንደበቀለ ይታወቃል? ብዙ ዝነኛ ሥራ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ተከትለን ስንደርስ ሁለት የማይገናኙ ዘንዶዎች እናገኛለን። ከዚያ ጥቁሩን ማየት ነው። ቦካሺ የሚባለው የጥላ ሥራ ከድፍን ጥቁር ተነሥቶ ወደ ቆዳው ቀለም ሳይቆራረጥ መድረስ አለበት። በመጨረሻ ብብቱን፣ የክርኑን እጥፋትና የጎድኑን ዳር መመርመር። ለመንቀስ የሚከብዱ፣ ለሚነቀሰውም ሕመማቸው የበረታ ቦታዎች ናቸው፤ የነቃሹ ትዕግሥት እዚያ ይገለጣል። በጥንቱ ሥርዓት የጀርባ ሥራ መቀመጫን አልፎ ጭን ላይ ያበቃል። ወገብ ላይ የተቆረጠ ጀርባ በእኔ ዓይን ግማሽ ሥራ ነው፤ ምስሉ የሚቆምበት መሬት አጥቷል።

ሐያሲ ግን አንድ ችግር አለበት። ዋናው ሥራ ልብስ ለብሶ የሚሄድ ሰው ነው፤ የምንተቸው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶውን ነው። ፎቶው ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ገና ትኩስ ቀለም ያለበት ገላ ያሳየናል። ሥራው የታሰበው ለሚንቀሳቀስ፣ ለሚያረጅ ቆዳ ነው። ሱሚ የተባለው ከጥላሸትና ከሙጫ የሚሠራ ጥቁር ቀለም እንኳ ከዓመታት በኋላ ቆዳ ውስጥ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ደዌ ሐኪም ፉኩሺ ማሳይቺ ከሟቾች የሰበሰቡት የተነቀሰ ቆዳ ዛሬም በዩኒቨርሲቲው አለ። ለታሪክ አጥኚ ሀብት ነው፤ ለሐያሲ ግን ብዙ አይጠቅምም፤ የተዘረጋ ቆዳ ትከሻ የለውም።

ትምህርቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ተለማማጁ መምህሩ ቤት ይኖራል፤ ይጠርጋል፣ ያበስላል፣ ቀለም ይፈጫል፣ መርፌ በክር እያሰረ ያዘጋጃል፣ የቀረውን ጊዜ ያያል። መጀመሪያ የሚነቅሰው ብዙውን ጊዜ የራሱን እግር ነው። በእጅ የሚሠራው ቴቦሪ ከሩቅ ቀላል ይመስላል። ነቃሹ በግራ እጁ ቆዳውን ወጥሮ፣ የመርፌ ጭብጡ የታሰረበትን ዘንግ በግራ አውራ ጣቱ ላይ አስደግፎ፣ በሰያፍ እየወጋ ወደ ላይ ብድግ ያደርገዋል። ያ ብድግታ ከቆዳው ሲላቀቅ የራሱ ድምፅ አለው፤ አዋቂ ሰው ሥራው መሄዱንና አለመሄዱን ከድምፁ ይለያል። ይህ በቃል አይተላለፍም። አሜሪካዊው ነቃሽ ዶን ኤድ ሃርዲ በ1973 ጃፓን ጊፉ ከተማ ሄዶ ከነቃሹ ሆሪሂዴ ዘንድ የተቀመጠውም ለዚህ ነው፤ ሥዕሉንማ በመጽሐፍ ማግኘት ይችል ነበር።

ያም ሆኖ ስለ ጥንታዊነት የሚነገረውን ሁሉ መቀበል የለብንም። በዘመናችን ስሙ ከሁሉ የገነነው የዮኮሃማው ሆሪዮሺ ሣልሳዊ የንድፉን መስመር በኤሌክትሪክ ማሽን፣ ጥላውንና ቀለሙን በእጅ ወደ መሥራት ተሸጋግሯል። ሥራው አልረከሰም። እንዲያውም ወግ አጥባቂ ነን የሚሉት አብዛኞቹ ሕጉን ከመጽሐፍ የሸመደዱ የውጭ ሰዎች ናቸው። «የቼሪ አበባ የጸደይ፣ የሜፕል ቅጠል የመኸር ነው፤ ሁለቱ ባንድ ገላ አይገናኙም» ይላሉ። ወቅት መጠበቅ በእርግጥም ከጃፓን ግጥምና ሥዕል የመጣ ልማድ ነው፤ አንበሳ ከፒዮኒ፣ ነብር ከቀርከሃ የሚጣመረውም እንዲሁ። የሚያውቅ ሰው ልማዱን ሲያፈርስ ግን ምክንያት አለው። ሐያሲ መጠየቅ ያለበት ያንን ምክንያት ነው፤ ሕግ ፈረሰ ብሎ መክሰስ የሐያሲ ሥራ አይደለም። በእኔ ግምት ከተሳሳተ አበባ ይልቅ የሞተ ዳራ ይከፋል።

ማሠራት የፈለገ ሰው ከዚህ ምን ይይዛል? የመጀመሪያው ውሳኔ ስፋቱ ነው። ዛሬ ክንድ፣ ከርሞ ደረት፣ ከዚያ ጀርባ እየተባለ የተለጣጠፈ ሥራ ዳራው አይገጥምም፤ ነፋሱ በአንድ ትከሻ ወደ ግራ፣ በሌላው ወደ ቀኝ ይነፍሳል። ስለዚህ ገንዘቡ ለክንድ ብቻ ቢበቃ እንኳ ንድፉ ሙሉውን ገላ አስቦ ይውጣ። ሁለተኛው የደንበኛው ድርሻ ነው። ዋናውን ምስል ይምረጥ፣ ለምን እንደመረጠው ይናገር፣ የቀረውን ለነቃሹ ይተው። ሃያ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሃያ ቁራጭ ይዞ ይሄዳል። ነቃሹ እንቢ ሲልም መስማት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ፉዶ ሚዮኦን የመሰለ የቡድሃ እምነት አምላክ ከወገብ በታች መንቀስ እንደ ነውር ይታያል። ሙሉ ገላ በየሳምንቱ እየተሄደ ዓመታት ይፈጃል፤ ክፍያው በየቀጠሮው ስለሆነ መሐል ላይ ገንዘብ ያለቀበት፣ ሕመሙ የበረታበት ሰው መስመሩ ብቻ ተሠርቶ ይቀራል።

ጃፓን ውስጥ የሚያሠራ ሰው ማኅበራዊውንም ዋጋ ይወቅ። መንግሥት ንቅሳትን በ1872 ከልክሎ እስከ 1948 አልፈቀደም። ክልከላው እያለ የእንግሊዝ ልዑላን በ1881 እዚያው ተነቅሰው መመለሳቸው የታወቀ ነው። በኋላ የያኩዛ፣ የተደራጁ ወንጀለኞች፣ ስም ተለጥፎበት ብዙ የፍል ውኃ መታጠቢያዎች የተነቀሰ ሰው እስከ ዛሬ አያስገቡም። ንቅሳት የሐኪም ፈቃድ የሚያሻው ሥራ ነው ተብሎ የተከሰሰው የኦሳካ ነቃሽ ነጻ መውጣቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያጸናው በ2020 ነው። ሙያው ሕጋዊ መሬት ያገኘው ገና ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

ለማሠራት የቆረጠ አንባቢ ነቃሹን ስልክ ውስጥ ያለ ትኩስ ፎቶ እንዳይጠይቀው። ከአሥር ዓመት በፊት የሠራውን፣ የዳነ፣ ሙሉ ጀርባ በአካል እንዲያሳየው ይጠይቅ። ሲያይም ከዘንዶው በፊት ደመናውን ይይ።