«ጥየቃ» ወይስ «ድምፅ መሰብሰብ»? ስለ መልእክት ወረፋ ስያሜዎች

የሙያ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ሲተረጎም መመዘን የሚገባው በሥረ ትርጉሙ ሳይሆን በሚሰጠው አገልግሎት ነው። በኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ «ፖሊንግ» የሚባለው ቃል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ቃል መነሻው «ራስ» ማለት ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሰው መቁጠር፣ ቀጥሎም ወደ ድምፅ አሰጣጥ ተሸጋግሯል። ይህን ሐረግ ተከትሎ «ድምፅ መሰብሰብ» ማለት ግን አንባቢን ያሳስታል፤ ፕሮግራሙ መልእክት መጥቶ እንደሆነ ወረፋውን እየደጋገመ ይጠይቃል እንጂ የማንንም ምርጫ አይቆጥርም።

«መጠበቅ» የሚለው አቻም አይበቃም። በዊንዶውስ «ጌትሜሴጅ» የተባለው ትእዛዝ መልእክት እስኪመጣ ይጠብቃል፤ «ፒክሜሴጅ» ግን አይቶ ወዲያው ይመለሳል። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ልዩነታቸውን ማጥፋት ነው።

በእኛ አስተያየት «ጥየቃ» የተሻለ ነው። በአማርኛ መጠየቅ ቃል ማቅረብ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛም፣ እስረኛም፣ ዘመድም ይጠየቃል። ጠያቂው ሄዶ ያለውን አይቶ ይመለሳል፤ ቆይታውም ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል። በአማዞን ኤስኪውኤስ አጭሩ ጥየቃ ወዲያው ሲመለስ፣ ረጅሙ እስከ 20 ሰከንድ ይታገሣል። ባዶ እጅ የሚያስመልስ ጥያቄም ከሒሳብ ስለሚገባ ልዩነቱ የገንዘብም ነው። «ጥየቃ» ከ«ጥያቄ» ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ድርጊቱን፣ ሁለተኛው እያንዳንዱን መጠይቅ ስለሚያመለክት መለያየታቸው ይጠቅማል።

ይበልጥ የሚያሳስበው መልእክት «መቀበል»ን «ማውጣት» ብሎ መተርጎም ነው። በዚሁ ኤስኪውኤስ የተቀበሉት መልእክት ከወረፋው አይወጣም፤ ሌላ ካልተወሰነ በቀር ለ30 ሰከንድ ከሌሎች ተቀባዮች ይሰወራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በግልጽ ትእዛዝ ካልተሰረዘ ተመልሶ ይታያል። «አወጣ» የሚለውን ያነበበ ባለሙያ መሰረዙን ቢተወው፣ አንድ የክፍያ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ሊፈጸም ይችላል። ስለሆነም «መጠየቅ»፣ «መቀበል» እና «መሰረዝ» ሦስት የተለያዩ ተግባራት ናቸውና በሦስት የተለያዩ ቃላት ሊጠሩ ይገባል።