የወላጅ ቃልና የመንግሥት አዋጅ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ልጅ ሲበላሽ ባየን ቁጥር «መንግሥት ምነው ዝም አለ? ሕግ አይወጣም ወይ?» ማለት ልማድ ሆኖብናል። ይህን ንግግር ጨዋ ሰዎች በለቅሶ ቤትም በዕድር ስብሰባም ሲናገሩት እሰማለሁ፤ ሰሚውም ራሱን እየነቀነቀ ይቀበላል። እኔ ግን ነገሩ ጥቂት ሊመረመር ይገባዋል እላለሁ።

ሕጉማ ወጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻውን 3367 ቁጥሮች አሉት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅም 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። መልካም አዋጅ ነው፤ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ዕዳውን ሁሉ በአዋጁ ላይ ጥሎ እፎይ ያለውን ወላጅ ነው።

እስቲ በአንድ ቤት እንየው። እሑድ ከቀትር በኋላ እንግዳ ይመጣል። አባት የ12 ዓመት ልጁን ጠርቶ ባዶ ጠርሙስ በዘንቢል ያስይዝና «ሂድና አራት ቢራ ይዘህ ና» ይለዋል። ባለሱቁ ቢከለክል ጎረቤቱን ያስቀይማል፤ ቢሸጥ አዋጁን ይጥሳል። ይሸጣል። ልጁ በዚያች መንገድ የተማረው ምንድን ነው? መጠጣትን አይደለም፤ እርሱን ገና ይደርስበታል። የተማረው፣ ሕግ ማለት ሌላ ሰው የሚጨነቅለት፣ አባት ሲያዝ ግን የሚታለፍ ነገር መሆኑን ነው። ይህን የተማረ ልጅ ሲያድግ በየትኛው አንቀጽ ይመለሳል? ለአባትየው እኮ የሃምሳ ርምጃ ድካም ብቻ ነበረ!

ልጁ በ17 ዓመቱ ሰክሮ የገባ ዕለት ያው አባት «ቁጥጥር የለም» ይላል። እንግዲያው ሻጩ መታወቂያ ይጠይቅ ይባላል፤ መጠየቁን የሚያይ ተቈጣጣሪ ይሾማል፤ ተቈጣጣሪው ጉቦ እንዳይበላ ደግሞ ሌላ ደንብ ይጻፋል። ፊተኛውን ስለ ዘለሉት ኋለኛው ይወለዳል።

ሽማግሌዎች «ድሮ ጎረቤት ሁሉ ልጅ ይቀጣ ነበረ፤ ደንብ አላስፈለገም» ይሉናል። ጎረቤት የሰውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ያይ እንደ ነበረ እውነት ነው። ነገር ግን ልጅን በበርበሬ ማጠንና በአለንጋ መተልተል በዚያው በቅጣት ስም ይደረግ እንደ ነበረ አይጨምሩልንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጆችን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት የጠበቀው በከንቱ አይደለም። የአሳዳጊ እጅ ልክ ሲያጣ ሕግ ሊይዘው ይገባል። የወላጅ አንደበት ሲሰንፍ ግን ሕግ ስለ እርሱ ሊናገርለት አይችልም፤ ቢናገርም ልጁ የሚያደምጠው ቤቱን ነው።

ሰሞኑን አንድ ባለሱቅ «ለአባትህ ራሳቸው ይምጡ በላቸው» ብሎ አንድ ሕፃን ባዶ እጁን ሲመልስ አየሁ። አባትየው መጣ። የመጣው ግን ባለሱቁን ሊሰድብ ነበር፤ ልጁም ዘንቢሉን እንደ ያዘ አጠገቡ ቈሞ ይሰማ ነበረ።